ሆቴል አስመሰልሽው

ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ባለ አንድ መኝታ አፓርታማዬ፣ ሦስት ቀን ለፍቼ ሳሎኔን ቀየርኩ። ነጭና ሰማያዊ የነበሩትን የሶፋ ትራሶች አውጥቼ የሰናፍጭና የዝገት ቀለም ባላቸው ተካኋቸው። የሰመሩን ስስ መጋረጃ አውርጄ ከበድ ያለ ቡናማ ሰቀልኩ። ሶፋው ጫፍ ላይ ሹራብ የመሰለ ወፍራም ብርድ ልብስ ጣል አደረግኩ፤ ሳይታሰብበት የተጣለ እንዲመስል ሩብ ሰዓት አስቤበታለሁ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ዱባና አንድ የቀረፋ ሻማ፣ በሩ ላይ ከስንዴ ዛላና ከብርቱካንማ ቅጠል የተሠራ ጉንጉን። ከዚያ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ ፎቶ አነሳሁ።

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ የመጣችው እማዬ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋን ሳታወርድ ሳሎኑን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኘችው። ከዚያ፣

“ውይ! ሆቴል አስመሰልሽው እኮ!” አለች።

እኔ እንግዲህ “ደራሲው ይሄን ሲል ምን ማለቱ ነው?” እያልኩ የምውል ሰው ነኝ። የገዛ እናቴ ዓረፍተ ነገር ግን አቃተኝ። በእሷ ዕድሜ ላለች የአዲስ አበባ ሴት “ሆቴል ይመስላል” ማለት ንጹሕ ነው፣ የተሟላ ነው፣ ያምራል ማለት ነው፤ ሙገሳ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ሆቴል የማንም ቤት አይደለም። ተኝተህ፣ ከፍለህ፣ ቁልፍ መልሰህ የምትወጣበት ነው። ድምጿን ደጋግሜ በጆሮዬ አጫወትኩት፤ “እኮ” የምትለዋ ቃል ራሷ ወደ ሁለቱም ትሄዳለች። ይሄ ጽሑፍ የዚያች ዓረፍተ ነገር ንባብ ነው፤ ከሳሎኑም ጭምር።

*

“የፎል ሪፍሬሽ” የሚባለው ነገር ላልገጠማችሁ ላስረዳ። ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ዩቲዩቡም፣ ቲክቶኩም፣ ኢንስታግራሙም በአንድ ዓይነት ቪዲዮ ይሞላል፤ ቤትን ከሰመር ወደ ፎል ስለማሻገር። በሥነ ፈለክ አቆጣጠር ፎል የሚገባው ሴፕቴምበር 22 ወይም 23 ነው፤ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ደግሞ ከሴፕቴምበር 1 ይቆጥሩታል። ቪዲዮዎቹ ግን አንዱንም አይጠብቁም። ውጪ ላብ እያጠመቀን፣ ኤሲው እየጮኸ፣ ሳሎን ውስጥ ቅጠል ይረግፋል።

ነገሩን እንደ አንድ የድርሰት ዓይነት ብታነቡት እንደ ተረት የጸና አካሄድ አለው። መጀመሪያ ቤቱ “ደክሞታል”። ቀጥሎ ባለቤቷ የሰመሩን ዕቃ በፕላስቲክ ሣጥን ከትታ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቀብረዋለች። ከዚያ ገበያ ትወጣለች፤ ይሄ የጀግናዋ ጉዞ ነው። ትመለሳለች፣ ትራሱን መሃል አናቱ ላይ በመዳፏ ጠርዝ መታ ታደርገዋለች፣ ሻማ ትለኩሳለች። የመጨረሻው ምስል ሁሌም አንድ ነው፤ የሚተን ኩባያና ኩባያውን ያቀፉ ሁለት እጆች። ፊት የለም። ሌላ ሰው የለም። ሁለተኛ ኩባያም የለም።

ሕግም አለው። ቀለሙ ከዛፍ ይወሰዳል፤ ብርቱካንማ፣ ቡናማ፣ ጠቆር ያለ ቀይ። ጨርቁ ለእጅ የሚሻክር፣ የሚወፍር መሆን አለበት። ሽታው ቀረፋ ነው። በሩ ደግሞ መንገደኛ ሁሉ የሚያነበው የመጽሐፉ ሽፋን ነው።

ይሄን የምለው ከላይ ሆኜ አይደለም። እዚህ አገር በመጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በፎቁ ኮሪደር ላይ ማንም አያናግረኝም ነበር። እንግሊዝኛዬ ችግር አልነበረበትም፤ የምናገረው ነገር ነው የጠፋኝ። አንድ ቀን ከርካሽ ሱቅ ያገኘሁትን የቅጠል ጉንጉን በሬ ላይ ሰቀልኩ። በማግስቱ ፊት ለፊቴ የምትኖር ሴትዮ ቆም ብላ “ጉንጉንሽ ያምራል” አለችኝ። ከዚያ ስለ ቅዝቃዜው፣ ከዚያ ስለ ልጆቿ አወራን። ያለ አክሰንት የተናገርኩት የመጀመሪያው አሜሪካንኛ ያ ጉንጉን ነው። ስለዚህ “ፈረንጅ ደግሞ ለወቅት ትራስ ይቀይራል፣ ሆሆ” ብሎ መሳቅ ለእኔ ቀላል አይደለም።

ደግሞም የቲክቶክ ፈጠራ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊላደልፊያ ይታተም የነበረው “ጎዲስ ሌዲስ ቡክ” የተባለ መጽሔት የአሜሪካ ሴቶች ምን እንደሚለብሱ፣ ቤታቸውን እንዴት እንደሚይዙ፣ ምን እንደሚያነቡ ይነግራቸው ነበር። ለዐሥርት ዓመታት አርታኢው የነበረችው ሳራ ጆሴፋ ሄል እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመችው “ኖርዝዉድ” የተሰኘ ልቦለድ ውስጥ የምስጋና ቀን ማዕድን በዝርዝር ጽፋለች። ከዚያም ቀኑ የመላ አገሪቱ በዓል እንዲሆን በመጽሔቷና በደብዳቤ ስትወተውት ኖረች። በ1863 ለፕሬዚዳንት ሊንከን ጻፈች፤ ሊንከንም በዚያው ዓመት በኖቬምበር የመጨረሻ ሐሙስ እንዲከበር አወጀ። ዛሬ ከዱባና ከስንዴ ጋር የምናያይዘው ወቅት አንዱ ሥሩ እርሻ ነው፤ ሌላው ሥሩ ግን የአንዲት አርታኢ ጠረጴዛ ነው። ቤትን በጽሑፍ ማስጌጥ የቆየ ሥራ ነው ለማለት ነው።

*

እማዬ ትችቷን የጀመረችው ከዱባው ነው።

ጠረጴዛው ላይ ካሉት ሦስቱ ትልቁን በሁለት እጇ ያዘችና አነሳችው። ያዘጋጀችው ጉልበት ከዱባው ክብደት ስለበለጠ እጆቿ ወደ ላይ ተስፈነጠሩ።

“ባዶ ነው!”

“ፎም ነው እማዬ። ለጌጥ ነው።”

“ዱባ ለጌጥ?” ገልብጣ ታችኛውን አየችው። ዋጋው ተለጥፎበታል። ቀስ ብላ፣ የሰው ዕቃ እንደምትመልስ ሰው፣ ቦታው ላይ አስቀመጠችው።

ማታ ሻማውን ስለኩስ ደግሞ ከመኝታ ቤት ድምጿ መጣ፤ “ሻይ አፈላሽ እንዴ?” ሻማው ላይ የተጻፈው “ዱባ” ነው። የሚሸተው ግን ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብል ነው፤ የእኛው ሻይ። ሳቅን። በነገራችን ላይ ስታርባክስ የዚህን ወቅት መለያ የሆነውን የዱባ ቅመም ማኪያቶውን መሸጥ የጀመረው በ2003 ሲሆን፣ እስከ 2015 ድረስ መጠጡ ውስጥ ዱባ የሚባል ነገር አልነበረም። ክብደት የሌለው ዱባ፣ ዱባ የሌለበት የዱባ ሽታ። አንድ ምልክት ከነገሩ ተለይቶ ብቻውን ሲኖር ማየት ለፈለገ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ አላውቅም።

ጥቅምት ላይ እውነተኞቹ ዱባዎች በየደጁ ተደረደሩ። እማዬ ከእኔ ጋር የእግር መንገድ ስትወጣ ትቆጥራቸው ነበር። ሃሎዊን ባለፈ በማግስቱ ብዙዎቹ ቆሻሻ መጣያው አጠገብ ወድቀው አገኘናቸው፤ ገሚሶቹ ቢላዋ እንኳ አልነካቸውም። “ይሄ ሁሉ ወጥ!” አለች። አንዱን ልታነሳ ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዝኳት። “እማዬ፣ ሰው ያየናል።” ቀና ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቤቱ ሁሉ የቁሌት ሽታ ነበር። ወርዳ አምጥታዋለች። ለመቅረጫ የሚበቅል ዱባ ውሃ ይበዛዋል፣ ጣፋጭነቱም ያንሳል፤ እሷም ቀምሳ አወቀችው። “ውሃ ነው። በርበሬው ነው ያነሳው” አለች። ዱባም ሆነ በርበሬ ዘራቸው የመጣው ከዚሁ ከአሜሪካ አህጉር ነው። ያን ማታ ሁለቱ በእማዬ ድስት ውስጥ አገራቸው ላይ ተገናኙ።

ግን ቁም ነገሩ ከሳቁ ያልፋል። ይሄ ጌጥ ምንድነው የሚያሳየው? ዱባ፣ የስንዴ ዛላ፣ የደረቀ በቆሎ፣ የሣር ነዶ። ሁሉም የጎተራ ዕቃ ነው። “አስገብተናል፣ ሞልቷል፣ ክረምቱ ይምጣ” የሚል ጌጥ ነው። ጆን ኪትስ በ1819 ስለዚህ ወቅት የጻፈው ታዋቂ ግጥምም የተሞላው በዚሁ ነው፤ በበሰለ ፍሬ፣ ባበጠ ቅል፣ በታጨደ እህል። ኪትስ የጻፈው ከታጨደ ማሳ አጠገብ ሲመላለስ ነው። እኔ ግን አንዲት ፍሬ አልዘራሁም፤ ጎተራዬ ፍሪጅ ነው፣ እሱም ውስጥ የትናንት ፓስታ አለ። የእኔ ሳሎን የሚያወራው ሌላ ሰው ስላጨደው፣ ድሮ ስለታጨደ አዝመራ ነው። ውሸት ነው አልልም፤ ትዝታ ነው። የማን ትዝታ እንደሆነ ነው ያልጠየቅኩት።

*

እኛስ? የእኛ መስከረም ምንድነው የሚያሳየው?

መጀመሪያ የስሙን ጣጣ እናንሳ። ፎልን ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ይቸገራል፤ አንዱ በልግ ይለዋል፣ አንዱ መኸር ይለዋል። በባሕረ ሐሳቡ አከፋፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ወቅት መጸው ነው፤ ጸደይ ደግሞ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው። በሰው አፍ ግን መስከረም ሲጠባ “ጸደይ ገባ” ይባላል። ሊቃውንቱ “ስሕተት ነው” ይላሉ፣ ሕዝቡ ግን አበባውን አይቶ ነው የሚናገረው። እኔ ስሕተቱ ደስ ይለኛል። በአንድ ወቅት ውስጥ ሁለት ነገር እንዳለ ያሳያል፤ አበባው አሁን ነው፣ እህሉ ገና ነው።

እማዬ ያደገችው ሰሜን ሸዋ ገጠር ነው። የልጅነቷን መስከረም ስታወራ ከአበባው በፊት የምታነሳው የጎተራውን ታች ነው። እሸት ካልሆነ በቀር የሚቀመስ ነገር ያነሰበት፣ ያለፈው ዓመት እህል ተሟጦ የዘንድሮው ማሳ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ነው። ጤፉ የሚታጨደው ከጥቅምት መጨረሻ በኋላ ነው። እና በዚያ ጊዜ ነው ቤት የሚታደሰው። ግድግዳው ይለቀለቃል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ አደይ አበባ ይገባል። አስቡት፤ ከነዚህ አንዱም አይበላም። ፎል የጎተራ ጌጥ ከሆነ የእኛው የቀጠሮ ጌጥ ነው። ያለውን አያሳይም፤ የሚመጣውን ይጠብቃል።

እኔ ያደግኩት ደግሞ አዲስ አበባ፣ ግቢ ውስጥ ባለች የጭቃ ቤት ነው። ጳጉሜ ላይ እማዬ የዓመቱን አዲስ ዘመን ጋዜጣ ከየቤቱ ሰብስባ፣ ዱቄት በውሃ አፍልታ፣ ግድግዳውን እንደ አዲስ ትለጥፈው ነበር። ማንበብ የለመድኩት እዚያ ግድግዳ ላይ ነው። አንዳንዱ ገጽ ተዘቅዝቆ ስለሚለጠፍ አንገቴን አጣምሜ አነብ ነበር። በጣም የሚያናድደው ወሬው ልብ ሲሰቅል “ወደ ገጽ 7 ዞሯል” ሲል ነው። ገጽ 7 ፊቱን ወደ ጭቃው አዙሮ ተለጥፏል። ለአንድ ዓመት ሙሉ መጨረሻው ከማይታወቅ ታሪክ ሥር ተኝቻለሁ።

ይሄን ሳወራ ጓደኞቼ “እንዴት ደስ ይላል!” ይሉኛል። ቆይ። ጋዜጣው የተለጠፈው ስለሚያምር አልነበረም። አቧራና ብርድ በስንጥቁ ስለሚገባ ነው። የእማዬ ጣት በዱቄት ሙጫና በበረኪና ይሰነጣጠቅ ነበር፤ የበዓሉ ዕለት በርበሬ ስትነካ ታቃጥላለች። ድህነትን በትዝታ ቀለም ቀብቶ ሳሎን ውስጥ መስቀል ያው ፎም ዱባ ነው፤ ክብደት የለውም። እና “የእኛ ተፈጥሯዊ፣ የእነሱ ፕላስቲክ” የሚለው ክርክርም አይሠራም። እማዬ ዛሬ በምትኖርበት ኮንዶሚኒየም ቡፌው ላይ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ የፕላስቲክ ጽጌረዳ አለ፤ በየሳምንቱ ይታጠባል። ረከቦቷ ሥር የተነጠፈው ሣርም ፕላስቲክ ነው። “አይጠወልግ፣ ቤት አያቆሽሽ” ትላለች። እኔ በእሷ ስም ልናደድላት አልችልም።

ታዲያ ልዩነቱ የት ላይ ነው? መልሱን ያገኘሁት ሳልፈልገው፣ ከአንድ ሣጥን ውስጥ ነው።

*

እማዬ ስትመጣ ዳንቴል ይዛልኝ መጥታ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ የሠራችው፤ ለሶፋው መደገፊያ አራት፣ ለጠረጴዛው አንድ። ነጭ ሆኖ ጠርዙ ሮዝ። “ለቤትሽ” አለችኝ። ሳምኳት፣ አመሰገንኳት፣ “አነጥፈዋለሁ” ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከቀለሜ ጋር አልሄደም። የሰመሩን ዕቃ ስሰበስብ ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም ሳላስብ፣ ከነጭና ሰማያዊ ትራሶቹ ጋር ፕላስቲኩ ሣጥን ውስጥ ጨመርኩት። ሣጥኑ ላይ “ሰመር” ብዬ ጻፍኩበት።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንሶላ ልፈልግ ሣጥኑን ስከፍት ዳንቴሉ ከላይ ነበር። እኔ ጠቅልዬ ነበር የወረወርኩት። አሁን ግን አራት ቦታ ታጥፏል፤ ጠርዙ ከጠርዙ ገጥሞ፣ እማዬ ብቻ እንደምታጥፈው። አግኝታዋለች። አጥፋ መልሳዋለች። ምንም አላለችኝም። የዚያን ዕለት ጠዋት ቁርስ አቅርባልኝ፣ “እንቅልፍ አልጠገብሽም መሰል” ብላኝ ነበር።

68 ዓመቷ ነው። ጉልበቷን ያማታል፤ አሥራ ምናምን ሰዓት በረራ ድጋሚ ትችለው እንደሆነ ሁለታችንም አንነጋገርበትም። እና እኔ የእሷን አንድ ክረምት ሣጥን ውስጥ ከትቼ የወቅት ስም ለጥፌበታለሁ።

የዚህ የድርሰት ዓይነት ትልቁ ጉድለት የገባኝ ያኔ ነው። መግዛቱ አይደለም፣ ፎሙም አይደለም፣ ከሌላ አገር መሆኑም አይደለም። ሳሎኑ ያለቀለት ጽሑፍ መሆኑ ነው። ቀለሙ ተመርጧል፣ ቦታው ተለክቷል፤ ሌላ ሰው አንድ ቃል ቢጨምርበት ይበላሻል። የቪዲዮዎቹ የመጨረሻ ምስል ላይ ሁለተኛ ኩባያ የሌለው ለዚህ ነው።

የእኛ የጭቃ ቤት ግድግዳ ያለውን መከራ ሁሉ ይዞ ይሄ ችግር አልነበረበትም። እንቁጣጣሽ ጠዋት የሰፈሩ ሴቶች ልጆች እየዘፈኑ ሲመጡ ወንዶቹ ደግሞ በውሃ ቀለም የሳሉትን ሥዕል ይዘው ያንኳኳሉ፤ አበባ፣ መልአክ፣ ፀሐይ። ሳንቲም ይቀበላሉ፣ ሥዕሉን ይሰጣሉ። እማዬ ሁሉንም ጋዜጣው ላይ ትለጥፋቸው ነበር። መልአኩ ስድስት ጣት ይኑረው፣ አበባው ሰማያዊ ይሁን፣ ግድ የላትም። የዓመቱ የቤታችን ጌጥ ከደጅ የሚመጣ፣ የጎረቤት ልጅ የሚመርጥልን ነገር ነበር። ቄጤማውም የሚጎዘጎዘው ሊረገጥ ነው። የሚመጣ ሰው ከሌለ ትርጉም የለውም።

*

መስከረም 1 እዚህ ሴፕቴምበር 11 ነው፤ አሜሪካ ባንዲራዋን ዝቅ አድርጋ የምታዝንበት ቀን። እኛ በዚህ ቀን ነው “እንኳን አደረሳችሁ” የምንባባለው፤ በለሆሳስ።

ከሥራ ፈቃድ ወስጄ ነበር። ስነቃ እማዬ የለችም። በመስኮት ሳይ መኪና ማቆሚያው ጥግ ላይ በነጠላዋ ጎንበስ ብላለች። ማጨጃው ያልደረሰበትን ረጅም ሣር እየቆረጠች ነው። በሌላው እጇ ቢጫ አበባ ይዛለች። ወጣ ብላ በኮሪደሩ እየተጣደፈች መጣች፤ “አደይ አለ! አንቺ፣ አገራችሁ አደይ አለ!”

አደይ አይደለም። ብላክ አይድ ሱዛን የሚባል፣ ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ መለያ የሆነ አበባ ነው። ቅጠሉ ቢጫ፣ መሃሉ ጥቁር ቡናማ። ልነግራት አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ለነገሩ አደይም እሱም ከሱፍ አበባ ቤተሰብ ናቸው፤ የሥጋ ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሣሩን በተነችው። ዳንቴሉን እኔ አወጣሁት። ሳላያት፣ ሣጥኑን ከፍቼ፣ አራቱንም ሶፋው መደገፊያ ላይ አነጠፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ አያምርም። ሮዝ ጠርዝ ከሰናፍጭ ጋር አይሄድም። እማዬ ከኩሽና ብቅ ብላ አየችው፣ አንገቷን ወዲህ ወዲያ አለች፣ “እዚህ ላይስ አይሄድም” አለችና ሁለቱን አንስታ ቴሌቪዥኑ ሥር አደረገቻቸው። የተሻለ ሆነ። እኔ ምሕረት ስጠብቅ እሷ አርትዖት ሰጠችኝ።

ረፋዱ ላይ በሩ ተንኳኳ። በእኛው ፎቅ የሚኖሩ ባልና ሚስት ልጅ ነው፤ ሰባት ዓመቱ፣ እዚሁ የተወለደ። እናቱ ከኋላው ቆማ “በል” ትለዋለች። “እንኳን አደረሳችሁ” አለ፤ ደረሳን አጥብቆ፣ ራን አላልቶ። ወረቀት ዘረጋልን። እናቱ “አደይ አበባ ሳል” ብላዋለች፤ እሱ ግን አደይ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሳለ፤ አንድ ግዙፍ ብርቱካንማ ዱባ፣ ከላዩ ላይ ቢጫ አበባ የበቀለበት። እማዬ ዶላር ሰጠችው፣ ጉንጩን ሳመችው፣ ዳቦ ቆረሰችለት። ከዚያ ፕላስተር ጠየቀችኝ።

ሶፋዬ በላይ፣ በፍሬም ውስጥ፣ ብዙ ያሰብኩበት ቡናማና ነጭ ምስል አለ፤ ሁለት መስመርና አንድ ክብ። ወረቀቱን ከጎኑ፣ ትንሽ ዘመም አድርጋ፣ በአራት ቁራጭ ፕላስተር ለጠፈችው። እኔ ወደ ኋላ ሸሸት ብዬ አየሁት። ቀለሜ ተበላሸ። ፎቶ አላነሳሁም። ሣሩ በኤሲው ደርቆ እስከ ማታ ድርቆሽ ሆኖ ነበር፤ የጠራናቸው ሰባት ሰዎች ግን እስኪደቅ ረግጠውታል።

*

እንግዲህ ፍርድ ስጪ ካላችሁኝ፤ የፎል ሪፍሬሽ መጥፎ የድርሰት ዓይነት አይደለም። ብቻውን ለሚኖር ሰው “ጊዜ እያለፈ ነው፣ አስተውይ” ይላል፤ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነው አዲስ ቀለም ስለተቀባ አይደለም። ቢጫው ሰመሩን ሙሉ እዚያው ነበር፤ አረንጓዴውን የሚሰጠው ክሎሮፊል ሲፈርስ ነው የሚታየው። ወቅት ሲለወጥ ቤትን ማየት ጥሩ ነው፤ ምን ተሸፍኖ እንደኖረ ይታያል። የእኔ ቅሬታ ሳይጨርስ መጨረሱ ላይ ነው። ዘንድሮም ትራስ እቀይራለሁ። ሻማውንም እወደዋለሁ፤ አሁን “ሻይ” ነው የምለው። ግን አንድ ግድግዳ ባዶ ትቻለሁ።

እማዬ ኅዳር ላይ ተመለሰች። ባለፈው ሳምንት በስልክ ስናወራ ድፍረት አግኝቼ ጠየቅኳት።

“እማዬ፣ ያኔ ቤቱን ስቀይር ‘ሆቴል አስመሰልሽው’ ያልሽኝ፣ ምን ማለትሽ ነበር?”

ዝም አለች። ስታስብ ይሰማኛል።

“ብያለሁ እንዴ?” አለች። “አላስታውስም ልጄ።” ከዚያ፣ “የልጁ ሥዕል አለ?”

“አለ።”

“አልወደቀም?”

አንደኛው ጥግ ለቋል፤ እያየሁት ነበር። “አልወደቀም” አልኳትና ፕላስተር ልፈልግ ተነሳሁ።